ማረሻ የማይገባበት ጓሮ፤ ዘጌ በጁስ ሻጭ ዓይን

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር። ጉብኝቱ ገንዘቡን ያወጣል። ጁሱ አያወጣም። አዲስ አበባ ጁስ ቤት ስላለኝ በዚህ ጉዳይ ላይ ምሕረት የለኝም።

ቦታው ጣና ሐይቅ ውስጥ ገባ ያለው ዘጌ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ የፍራፍሬና የቡና ጓሮ። ታፔላ የለውም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። የሄድነው ፋሲካ ባለፈ ሳምንት ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና አማቴ። አማቴ የቢቸና ገበሬ ልጅ ናቸው። በሬ ጠምዶ የማያርስን ሰው ገበሬ ብለው አይጠሩም።

ዘጌ ላይ ደግሞ በልማዱ ማረስ ክልክል ነው። ከብት ማርባትም እንዲሁ። ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም ሳያርስ በዚያ ይኖራል ተባለ ይላሉ። ዛሬ በሌላው ዓለም አንዳንድ እርሻዎች «አፈር የሚያድስ ግብርና» እያሉ ቱሪስት ያስጎበኛሉ። አለማረስ፣ አፈሩን ሸፍኖ መያዝ፣ ዛፍን ከዛፍ አደባልቆ መትከል። እዚህ ይኸው ነገር የአገሩ ሥርዓት ሆኖ ኖሯል።

አማቴ አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ያልታረሰ መሬት ምን ያበላል?» አሉት ባለጓሮውን። ሰውየው ሳቀ። «እማማ፣ እስቲ እጅዎን እዚህ ይስደዱ» ብሎ ከቡናው ሥር ቅጠሉን ገለጥ አደረገላቸው። ሚያዝያ ነው፤ ባሕር ዳር አስፋልቱ ይፋጃል። ከቅጠሉ ሥር ያለው አፈር ግን ጥቁርና እርጥብ ነው። ጨበጥ አርገው ሲለቁት ይፈረካከሳል። የአፈር ትል ወጣበት። አማቴ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ተረቱ ማለት ነው።

ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ አለ። ከነሱ ዝቅ ብሎ ማንጎ፣ ዘይቱንና ሎሚ፤ ከዚያ ቡናና ጌሾ። ሰሳና ብርብራ የእነ ባቄላ ወገን ናቸው፤ ሥራቸው ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዛሉ። ቅጠላቸው ሲረግፍ ማንም አይጠርገውም፤ እዚያው በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ጥላው ደግሞ እርጥበቱን ያቆየዋል። (ብርብራን ዓሣ አስጋሪዎችም ያውቁታል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያሰክረዋል። መጥፎ ሥራ ነው፤ ዛፉን ሳየው ትዝ ብሎኝ ነው።)

እኔ በብዛት የቆየሁት ማንጎው ጋ ነው። አብዛኛው ከዘር የበቀለ ያገር ማንጎ ነው። ክር ይበዛዋል፤ ለጁስ ቤት ማጥለያ መከራ ነው። መጥጦ ለመብላት ግን የሚስተካከለው የለም። በአንድ ጥግ የተዳቀሉ ችግኞች ተክሏል፤ ገና አላፈሩም። ልማድ ሆኖብኝ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጌ አየሁ። ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ይህ ነጩ የማንጎ ተባይ ነው። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ወለጋ ላይ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ጎጃም ደርሷል። ፍሬው ላይ ሲጣበቅ ልጣጩ ይዥጎረጎራል። ደንበኛ አይቶት ያልፈዋል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ እኛ ጁስ ቤቶች እንገዛዋለን። ልጣጩ ተበላሸ እንጂ ውስጡ ደህና ነው።

ባለጓሮው መድኃኒት አይረጭም። ማንጎው ከተለቀመ በኋላ የተጠቃውን ቅርንጫፍ ይቆርጣል፤ ብርሃንና አየር እንዲገባ የዛፉን መሃል ይከፍታል። «ታዲያ ይጠፋል?» አልኩት። «አይጠፋም እህቴ፤ ይቀንሳል» አለኝ። ከዚህ መልስ በኋላ የሚነግረኝን ሁሉ ማመን ጀመርኩ።

ፓፓያ ወንድና ሴት እንዳለው ባለቤቴ የሰማው እዚያ ነው። ጁስ ቤት ካላት ሴት ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሮ! አቮካዶውን ድንጋይ እንደሆነ ገዛሁ። አቮካዶ ዛፉ ላይ አይለሰልስም፤ ከተቆረጠ በኋላ ነው የሚበስለው። ለመንገድ የሚመቸውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጁሱ። በየብርጭቆው የማንጎ ጁስ ቀረበልን። ስኳር ገብቶበታል። ብዙ ስኳር። ውሃም ተጨምሮበታል። ዛፉ ላይ የበሰለ የሚያዝያ ማንጎ ስኳር ምን ያደርግለታል? የቤቱን እመቤት ጠጋ ብዬ «እቴ፣ ሎሚ ብቻ ጠብ አድርጊበት» አልኳት። ሎሚው እዚያው ጓሮ ውስጥ ተንጠልጥሏል። «እንግዳ ጣፋጭ ይወዳል ብለውን እኮ ነው» አለች። ሁለተኛው ዙር በሎሚ መጣ። እሱን ጁስ ቤቴም ብሸጠው አላፍርበትም። ቡናው ላይ ግን አቃቂር የለኝም። ከጓሮው ተለቅሞ፣ ፊታችን ተቆልቶ፣ እስከ በረካ ጠጣን።

የጀልባው ነገር ያናድዳል። ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የምትሄዱበትንም ቦታ አንድ በአንድ ሳትስማሙ አትሳፈሩ። የኛ ጀልባ ነጂ የደሴቱን ገዳም ክብራን ገብርኤልን በሒሳቡ ውስጥ አስገብቶ ለሦስታችንም አስከፈለን። ክብራን ሴት አይገባም። እኔና አማቴ ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰን ባለቤቴ ብቻውን ተሳልሞ መጣ። ስንነጋገር ይህን አለመንገሩ ነውር ነው። ዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁላችንም ገባን። ሥዕሎቹን ብዙ ሰው ጽፎባቸዋል፤ እኔ አልደግመውም።

ለጓሮው የከፈልነው በሰው ከአንድ ትልቅ ስፕሪስ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ገንዘቡም በቀጥታ ለቤተሰቡ ነው የሚሰጠው። ሽንት ቤቱ የገጠር ሽንት ቤት ነው። መንገዱ ሥርና ድንጋይ ስለሚበዛው ዝግ ጫማ አድርጉ፤ አማቴ በነጠላ ጫማ መጥተው በባለቤቴ ክንድ ነው የወጡት። ማንጎ ከገዛችሁ በፌስታል አትያዙት፤ ያልበዋል። ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ጉዞው በጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ቡና ሲለቀም ማየት የሚፈልግ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ይሂድ። ያኔ ግን ማንጎ አይጠብቅ።