ታሊን ላይ በጣባ የጠጣሁት መረቅ

ረቡዕ ማታ ከስቶክሆልም ተሳፍሬ ሐሙስ ጠዋት ታሊን ወረድኩ። ማታውኑ ደግሞ ወደ ሄልሲንኪ የምሻገርበት መርከብ አለ። የኢስቶኒያን ዋና ከተማ ለማየት ያለኝ ያቺ አንድ ቀን ናት፤ ለምግብ የመደብኩት ደግሞ 25 ዩሮ። ረቡዕን ስለጾምኩ መርከቡ ላይ ከሙዝና ከለውዝ ሌላ የቀመስኩት የለም። ርቦኛል በቃ።

ወደብ አጠገብ ያገኘሁት ካፌ ዘው አልኩ። ስሙን አልጠራም። ለብ ያለ ቡናና የደረቀ ክሮሳንት 8 ዩሮ ወሰዱብኝ። ቦርሳ አዝሎ የዞረ ሰው ከ25ቱ 8 በጠዋቱ ሲሄድ እንዴት እንደሚያንገበግብ ያውቀዋል። ያኔ ነው ስቶክሆልም አብራኝ የምትሠራ ኢስቶኒያዊት የነገረችኝ ትዝ ያለኝ። «ማዘጋጃ ቤቱ ሥር ሾርባ አለ፣ እሱን ሳትጠጣ እንዳትመጣ» ብላኝ ነበር።

ከወደቡ አሮጌው ከተማ በእግር ነው፣ ታክሲ አያስፈልግም። በግንቡ በር ገብታችሁ በኮብልስቶኑ ሽቅብ ስትሉ አደባባዩ ላይ ትወጣላችሁ። ማዘጋጃ ቤቱ በ1404 የተጠናቀቀ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከፊት ለፊቱ ጥግ ላይ ቢያንስ ከ1422 ጀምሮ የሚሠራ ፋርማሲ አለ። በአደባባዩ ዙሪያ ያሉት ምግብ ቤቶች ዋጋቸውን ውጭ ለጥፈዋል፤ አንብቤ አለፍኩ።

የኔዋ ቤት ኮልማስ ድራኮን ትባላለች፣ ሦስተኛው ዘንዶ ማለት ነው። ያለችው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ውስጥ፣ ከቅስቶቹ ሥር ነው። ኤሌክትሪክ መብራት የለም፣ ያለው ሻማ ነው። ከቀን ብርሃን ስገባ መጀመሪያ ምንም አልታየኝም፤ ቀስ እያለ የጠረጴዛው ጠርዝ፣ ከዚያ እንጨቱ ላይ የፈሰሰው ሰም፣ ከዚያ ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ብቅ ብቅ አለ። መብራት በጠፋበት ማታ እቤት እራት ሲቀርብ ያለው ድባብ ነው፣ ያንን የሚያውቅ ሰው እዚህ እንግዳ አይሆንም።

የምታስተናግደው ሴትዮ የጥንት ቀሚስ ለብሳለች። ማንኪያ አለ ወይ አልኳት። «እጅህ የት ሄደ?» አለችኝ ኮስተር ብላ። እንዳትቀየሙ፣ ቁጣ አይደለም። የመካከለኛው ዘመን ጠጅ ቤት ባለቤት ሆኖ ማናገር የቤቱ ጨዋታ ነው፣ እሷም ዞር ስትል ፈገግ ብላለች። ማንኪያም ሹካም የለም። ሾርባው በጣባ ይመጣል፣ በሁለት እጅ ይዞ መጠጣት ነው።

ሾርባው የኤልክ ነው። ኤልክ የሰሜኑ ትልቁ አጋዘን ማለት ነው፣ ቀንዱ እንደ መዳፍ የተዘረጋው። ጣዕሙን በምን ልንገራችሁ? ቅቅል ነው። ቅመም ያልበዛበት፣ አጥንቱ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ የዋለ የሚመስል የቅቅል መረቅ፣ ሥጋው ግን ከበሬ ጠቆር፣ ከበግ ደረቅ ያለ፣ ጫካ ጫካ የሚል ነገር ያለው። የጥቅምት ብርድ ጣቴን አደንዝዞት ነበር። ጣባውን አቅፌ ስይዘው ሙቀቱ መጀመሪያ በእጄ ገባ፣ ከዚያ በአፌ። ሥጋውን በጣቴ እያወጣሁ በላሁ። አጠገቤ የነበሩት ፈረንጆች ጣታቸውን ወዴት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው እርስ በርስ ሲተያዩ እኔ እቤቴ ነበርኩ።

ስለ እንስሳው ለሚያስቡ፦ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል፣ ለኔ ያ በቂ ነበር። የአራጁን ነገር የሚያጠብቅ ሰው ግን ሥጋ የሌለበትን ፒሩካስ ይይ። ፒሩካስ በምድጃ የተጋገረ ሳምቡሳ በሉት፣ እኔ የካሮቱን ወሰድኩ፣ ጣፈጥ ይላል። በጾም ቀን ከሆነ የምትሄዱት ሊጡ ቅቤ እንዳለው ጠይቁ።

ጥግ ላይ በርሜል አለ። በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር ነው፣ ራሳችሁ በእንጨት ወግታችሁ ታወጣላችሁ። ውሃ ውስጥ እየተንሸራተተ ያመልጣል፣ ሦስተኛው ላይ ያዝኩት። ከመረቁ ጋር ሲነከስ ያ ኮምጣጣነቱ አፍ ያጥባል። ሾርባውም፣ ኪያሩም፣ ፒሩካሱም ተደምሮ ከ10 ዩሮ አልዘለለም፤ ያውም የከተማው ውዱ ቦታ ላይ ተቀምጬ። ሌላው ሀገር ቢሆን እዚያ ሕንጻ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ያነጠፈ ሬስቶራንት ነው የሚገባው፣ እንደኔ ቦርሳ ያዘለ ሰው በመስኮት አይቶ ያልፍ ነበር። ይህን ነገር በጣም ነው የወደድኩላቸው።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ትልቅ ቦርሳ ካላችሁ ወደብ ወይ ባቡር ጣቢያ አስቀምጡት። አስጎብኚ ቡድን ሳይገባ፣ ከምሳ ሰዓት በፊት ሂዱ። እጃችሁን ቀድማችሁ ታጠቡ።

ሻማው ሥር ተቀምጬ የሐበሻ ነገር መጣብኝ። የሩሲያው ባለቅኔ የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ከ1742 እስከ 1752 የዚህች ከተማ ዋና አዛዥ ነበር። ያኔ ከተማዋ ሬቫል ትባላለች፣ በሩሲያ ሥር ናት። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ታላቁ ጴጥሮስ ዘንድ ያደገ ሰው ነው። ከኛው ምድር ነው የሚሉ አሉ፣ ከካሜሩን አካባቢ ነው የሚሉም አሉ፣ ክርክሩ አላለቀም። የሆነ ሆኖ ጥቁር ሰው ይህን ግንብ አዝዟል፣ እኔ የተደገፍኩት ግድግዳ ያኔም ከ300 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። አስጎብኚዎቹ ደጋግመው ቢናገሩት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወጥቼ ባቡር ጣቢያው ጎን ወዳለው ገበያ ሄድኩና ጥቁር የአጃ ዳቦ ገዛሁ። ሌይብ ይሉታል። እርሾው ኮምጠጥ ይላል፣ ደህና የተቦካ እንጀራን ያስታውሳል። ያቺ የሥራ ባልደረባዬ ያስተማረችኝ አለ፦ ኢስቶኒያውያን ሰው ማዕድ ላይ ሲያገኙ «ያትኩ ሌይባ» ይላሉ፣ ዳቦህ አይለቅ፣ ይበርክት እንደማለት ነው። ቀጣሪን ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ደግሞ «ሌይቫኢሳ» ይሉታል፣ ቃል በቃል የእንጀራ አባት! እኛ ዘንድ የእናት ባል ነው፣ እነሱ ዘንድ የሚያበላ ሰው። እንጀራም ዳቦም መብልና ኑሮ ሆነው ሁለት ቋንቋ ውስጥ መገኘታቸው ሲገርመኝ ነው የዋለው።

ሄልሲንኪ ሁለት ሰዓት ነው። መርከቡ ላይ ምግብ መግዛት አላስፈለገኝም፣ ዳቦዬን እየቆረስኩ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ከ25ቱ ዩሮ 4 ተርፎኛል። ስመለስ በታሊን በኩል ነው፣ የኤልኩን ፒሩካስ ገና አልቀመስኩም።