በቤዝቦል ፒቸር ላይ መወራረድ፦ የትኛው ገበያ ይረባል፣ የትኛውስ መዘጋት አለበት?

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ዲሲ ውስጥ ሆናችሁ ከውርርድ መተግበሪያዎቹ አንዱን ከፍታችሁ አንድ የቤዝቦል ጨዋታ ብትነኩ፣ ለዚያ ጨዋታ ብቻ ተቆጥሮ የማያልቅ ምርጫ ይደረደርላችኋል። ማን ያሸንፋል የሚለው ከላይ ነው። ወደ ታች ስትወርዱ ግን ብዙው የፒቸሩ፣ ማለትም ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ሰው፣ ጉዳይ ነው፦ ስንት መቺ በስትራይክአውት (በሦስት ስትራይክ) ያስወጣል፣ በጠቅላላ ስንት አውት ያገኛል (ስንት ተጋጣሚ ይወጣል)፣ ስንት ሂት (መቺውን በደህና ቤዝ የሚያደርስ ምት) ይመታበታል፣ ቀጣዩዋ ኳስ ስትራይክ (መቺው የሳታት ወይም በተፈቀደው ክልል ያለፈች) ናት ወይስ ቦል (ከክልሉ ውጭ ሆና ያልተሰነዘረባት)፣ ፍጥነቷስ ከስንት ማይል ይበልጣል። እዚህ የምገመግመው ይህንን ክፍል ነው። ፋንዱኤል፣ ድራፍትኪንግስ፣ ቤትኤምጂኤምና ሲዛርስ በዋናው ነገር ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት በሚሰጡት ኦድና በደንባቸው ጥቃቅን አንቀጾች ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች (ኢኒንጎች) በመጀመሪያዎቹ አምስት ላይ ብቻ የሚደረገው ውርርድ ጨዋታውን ለሚያውቅ ሰው ደህና ነው። የስትራይክአውቱ ገበያ ቁጭ ብሎ ሒሳብ ለሚሠራ ብቻ ነው። በአንዲት ኳስ ላይ የሚደረገው ውርርድ ደግሞ ጨርሶ መነሳት አለበት።

አዲስ አበባ ውስጥ ለፕሪምየር ሊግ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚገባው በአሜሪካኖቹ ኦድ አጻጻፍ ነው። -110 ማለት 100 ዶላር ለማትረፍ 110 ታስይዛላችሁ ማለት ነው፤ +150 ሲሆን ደግሞ 100 አስይዛችሁ 150 ታተርፋላችሁ። ከመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ደሲማል ቀይሩት፤ -110 ወደ 1.91፣ -115 ወደ 1.87፣ -130 ወደ 1.77 ይመጣላችኋል። ከዚያ 1ን ለኦዱ አካፍሉ። 1.87 ሲሆን 53.5 በመቶ ይሰጣችኋል፤ ሳትከስሩ ለመውጣት ብቻ ከመቶ ይህን ያህሉን ማሸነፍ አለባችሁ። ኦቨሩም (ከቁጥሩ በላይ) አንደሩም (ከቁጥሩ በታች) -115 ከሆነ ሁለቱ ሲደመሩ 107 ይሆናሉ፤ የቤቱ ትርፍ ያለው ከ100 በላይ በተረፈችው 7 ውስጥ ነው። በየትኛውም የፒቸር ገበያ ገንዘብ ከማስያዛችሁ በፊት ይህችን ድምር ሥሩ። 110 ያለፈች ከሆነ ተዉት።

ወደ ስትራይክአውቱ እንምጣ። መተግበሪያው ለጀማሪው ፒቸር (ጨዋታውን ለሚከፍተው) አንድ ቁጥር ያወጣል፣ 5.5 እንበል። ኦቨር ካላችሁ 6 ሰው ማስወጣት አለበት። ብዙ ሰው ያለፉትን ሦስት አራት ጨዋታዎች ስታትስቲክስ አይቶ ይፈርዳል፤ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን ስንት መቺ እንደሚገጥመው ነው። በዚህ ዘመን ጀማሪ ፒቸር ብዙ ጊዜ 90 ኳስ አካባቢ ወርውሮ ይወጣል። አንድ መቺ በአማካይ ወደ 4 ኳስ ስለሚፈጅ 23 አካባቢ መቺ ይገጥማል ማለት ነው። ከሚገጥማቸው 25 በመቶውን በስትራይክአውት የሚያስወጣ ፒቸር ከሆነ አማካዩ 5.75 ነው። ከ5.5 በለጠ ብሎ ኦቨሩን የሚቆርጠው ብዙ ነው። 6 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘቱ ዕድል ሲሰላ ግን 53 በመቶ ገደማ ነው፤ በ1.87 ኦድ የሚያስፈልገው ደግሞ 53.5 ነው። ግምታችሁ ትክክል ሆኖ እንኳ ትኬቱ አላዋጣም።

አሰልጣኙ ሦስት መቺ ቀደም ብሎ ቢያስወጣውስ? በ23 ፈንታ 20 ብቻ ቢገጥም ያ 53 በመቶ ወደ 38 ይወርዳል። ይህ ደግሞ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው፤ መቺዎች ያንኑ ፒቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት ይበልጥ ስለሚመቱት አሰልጣኞቹ ከዚያ በፊት ቡልፔኑን፣ ማለትም ተቀያሪ ፒቸሮቹን፣ ይጠራሉ። ተጋጣሚው ቡድንም የራሱ ድርሻ አለው። የዋናው የአሜሪካ ሊግ የስትራይክአውት አማካይ 22 በመቶ ገደማ ነው፤ ተጋጣሚው 19 በመቶ ብቻ የሚወጣ ቡድን ከሆነ 25ን በ19 አባዝታችሁ ለ22 አካፍሉት። 21.6 በመቶ ይሆናል፤ በ23 መቺ ሲሰላ አማካዩ 5፣ የኦቨር 5.5 ዕድል እንደገና 38 በመቶ። እንዲህ ያለው ትኬት የሚያዋጣው ኦዱ ከ2.63 በላይ ሲሆን ነው፤ በዚያ ዋጋ የሚያቀርብ ደግሞ አታገኙም።

ገንዘብ የሚበላባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ። ከጉዳት የተመለሰ ፒቸር ብዙ ጊዜ የኳስ ገደብ ይጣልበታል፤ አሰልጣኙ ከጨዋታው በፊት ለጋዜጠኞች ስለሚናገር ያንን ሳታዩ አትቁረጡ። ዝናብ ጨዋታውን አንድ ሰዓት ካቆመው ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ክንዱ ቀዝቅዟል። በአብዛኞቹ መተግበሪያዎች ደንብ ፒቸሩ አንዲት ኳስ ከወረወረ ትኬቱ ጸንቷል፤ በመጀመሪያው ኢኒንግ ተጎድቶ ቢወጣም ኦቨሩ ተበላ ማለት ነው። ገንዘባችሁ የሚመለሰው ጨርሶ ካልጀመረ ነው። ታምፓ ቤይ ሬይስ በ2018 ያስለመደውን ኦፕነርም አትርሱ፤ አንድ ኢኒንግ ብቻ ወርውሮ የሚወጣ ሰው በጀማሪነት ስሙ ሊወጣ ይችላል። ዴንቨር ላይ ደግሞ ከፍታው 1,600 ሜትር ስለሆነ በሳሳው አየር ከርቭ ኳስ እንደ ሌላ ቦታ አትታጠፍም። የዳኛን ባሕርይ እያጠኑ የሚወራረዱ ሰዎች ደግሞ የድሮ መረጃቸውን በጥንቃቄ ይያዙት፤ ከ2026 ጀምሮ ተጫዋቾች የዳኛውን ስትራይክና ቦል በካሜራ ማስፈተሽ ይችላሉ።

በዚህ ገበያ የምወደው አንድ ነገር አለ፤ መረጃው ክፍት ነው። ቤዝቦል ሳቫንት የሚባለው የሊጉ ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ኳስ ፍጥነትና ዓይነት በነጻ ያሳያል። ፒቸሩ በመጀመሪያው ኢኒንግ የሚወረውረው ፋስትቦል (ፈጣኗ ኳሱ) ከወትሮው በ2 ማይል ከቀነሰ አንድ ነገር አለ፤ ወይ ደክሟል፣ ወይ ክርኑ ላይ ችግር አለ። የቡድኑ ደጋፊዎች ስለ ክንዱ የሚከራከሩት ከዚህ ተነስተው ከሆነ ክርክሩ ዋጋ አለው።

አምስት ኢኒንጉን የማስቀድመው ከሁሉም ይልቅ ስለ ጀማሪው ፒቸር የሚጠይቅ ስለሆነ ነው። የዋሽንግተን ናሽናልስን የ2025 የመክፈቻ ጨዋታ እንይ። ማኬንዚ ጎር በፊላዴልፊያ ፊሊስ ላይ 6 ኢኒንግ ወረወረ፤ አንድ ሂት ብቻ ተመታበት፣ አንድም ዎክ (በአራት ቦል መቺን በነጻ ማሳለፍ) አልሰጠም፣ 13 ሰው በስትራይክአውት አስወጣ። ናሽናልስ ግን በ10 ኢኒንግ 7 ለ 3 ተሸነፉ። ጀማሪው ድንቅ ሆኖ ቡልፔኑ የሚያፈስ ቡድን ከሆነ፣ ሙሉውን ጨዋታ የቆረጠ ሰው ባላሰባቸው ሦስት አራት ተቀያሪዎች እጅ ይወድቃል። የናሽናልስ ቡልፔን በዚያ ዓመት ከሊጉ ደካሞች አንዱ ነበር፤ ቡድኑም 66 አሸንፎ 96 ተሸንፎ ጨረሰ። ደጋፊው «ጀማሪያችን ጥሩ ነው፣ የሚያስቸግረን መጨረሻው ነው» ብሎ ካመነ፣ ያንን እምነቱን በትክክል የሚይዝለት ገበያ አምስት ኢኒንጉ ነው። አንድ ወጥመድ አለው። ሁለት ምርጫ ያለው ሲሆን አምስተኛው ኢኒንግ አቻ ካለቀ ገንዘባችሁ ይመለሳል፤ አቻን በሦስተኛ ምርጫነት የያዘው ግን ኦዱ ከፍ ያለ ይመስላል እንጂ አቻ ሲሆን ትኬቱ ይበላል። አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ርዕሱን ሳታነቡ አትንኩ። ጀማሪው ቢቀየር ምን እንደሚሆንም ከደንቡ ላይ እዩ፤ አንዱ ቤት ውርርዱን ሲሰርዝ ሌላው ያስቀጥለዋል።

አሁን ወደ አንዲቷ ኳስ። ቀጣዩዋ ስትራይክ ናት ወይስ ቦል? ከ97.95 ማይል በላይ ናት ወይስ በታች? በሰከንዶች ውስጥ ተከፍቶ የሚዘጋ ገበያ ነው። ቤቱ መረጃውን የሚያገኘው ከስታዲየሙ በቀጥታ ነው፤ እናንተ በስልክ የምታዩት ሥርጭት ደግሞ በብዙ ሰከንዶች ወደ ኋላ የቀረ ነው። መተግበሪያው ውስጥ የኦድ ለውጥን በራሱ የሚቀበል ማብሪያ ካለ አጥፉት፤ አለዚያ በ1.91 ያያችሁት በ1.75 ይቆረጥላችኋል። ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው።

ትልቁ ችግር በ2025 ታየ። የክሊቭላንድ ጋርዲያንስ ፒቸሮች ሉዊስ ኦርቲዝና ኢማኑኤል ክላሴ በሐምሌ ወር ከሥራ ታገዱ፤ በኅዳር መጀመሪያ ብሩክሊን ያለው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ከተወራራጆች ጋር ተመሳጥረው ኳስ ወርውረዋል ሲል ከሰሳቸው። ሁለቱም ጥፋተኛ አይደለንም ብለዋል። እንደ ክሱ ከሆነ በክላሴ ኳሶች ላይ ተወራራጆቹ ቢያንስ 400,000 ዶላር አሸንፈዋል፤ ኦርቲዝ ደግሞ በሰኔ ወር ለወረወራት አንዲት ኳስ 5,000 ዶላር ተቀብሏል ተብሏል። ክላሴ 2024ን በ0.61 ኢአርኤ (በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ) እና በ47 ሴቭ (የቡድኑን መሪነት አስጠብቆ የዘጋቸው ጨዋታዎች) የጨረሰ ሰው ነው።

ከክሱ ውስጥ አንዲት ኳስ ገበያውን ከሥር መሠረቱ ታሳያለች። ግንቦት 28 ቀን ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር በነበረው ጨዋታ ተወራራጆቹ የክላሴ ኳስ ቦል ትሆናለች ብለው ይዘዋል ይላል ክሱ። መቺው አንዲ ፓሄስ ግን ዱላውን ሰነዘረባት፤ ዱላ ከተሰነዘረ ደግሞ ስትራይክ ነው። 4,000 ዶላር ገደማ ተበላ። ክሱ እውነት ከሆነ፣ ወርዋሪው ራሱ አብሯቸው እያለ እንኳ ተሸንፈዋል ማለት ነው። ከቤቱ ሶፋ ላይ ሆኖ የሚቆርጥ ሰው እዚህ ምን ዕውቀት ይዞ ይገባል?

አንድን ሙሉ ጨዋታ ለመሸጥ ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ በ1919ኙ የቺካጎ ዋይት ሶክስ ጉዳይ ከቤዝቦል የታገዱት ስምንት ተጫዋቾች ነበሩ። አንዲትን ኳስ ለማበላሸት ግን አንድ ሰው ይበቃል። በዚያ ላይ ለመቺው የምትወረወር የመጀመሪያ ኳስ መሬት ብትነካ ቡድኑን ምንም ያህል አትጎዳም፤ ወርዋሪው ቡድኔን አልከዳሁም ብሎ ራሱን ማሳመን ይችላል። የገበያው አደጋ እዚህ ላይ ነው። ሊጉ ክሱ በወጣ ማግስት ከዋና ዋናዎቹ አቋማሪዎች ጋር ተስማምቶ በአንዲት ኳስ ላይ የሚያዘው ገንዘብ ከ200 ዶላር እንዳይበልጥና ፓርሌይ (ብዙ ምርጫ በአንድ ትኬት የሚታሰርበት ውርርድ) ውስጥ እንዳይገባ አድርጓል። ጥሩ እርምጃ ነው፣ ግን አይበቃም። ትልቁን ተወራራጅ ያባርራል፤ በአንድ ምሽት 20 ጊዜ 10 ዶላር የሚያስይዘውን ሰው እዚያው ይተወዋል። ደጋፊውንም ከጥርጣሬ አያወጣውም። የክሊቭላንድ ደጋፊ ፒቸሩ ኳስ ሲያመልጠው ስለ ክንዱ፣ ስለ አወራወሩ፣ ስለ ድካሙ ነበር የሚከራከረው። አሁን መሬት የነካች ኳስ ሁሉ ሌላ ጥያቄ ታስነሳለች፤ ንጹሑም ፒቸር አብሮ ይጠረጠራል። ቤዝቦልን ለሚወድ ሰው ይህ ያማል።

ፓርሌይን በአጭሩ ልለፈው። እያንዳንዳቸው 1.91 የሆኑ አራት ምርጫዎች በአንድ ትኬት ሲታሰሩ 13.3 እጥፍ ይከፍላሉ፤ ዕድላቸው እኩል በእኩል ከሆነ ተገቢው ክፍያ 16 ነበር። የቤቱ ድርሻ 17 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። የቦነስ ውርርድም እንደ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ የ100 ዶላር ቦነስ በ1.91 ሲያሸንፍ የሚገባላችሁ 91 ብቻ ነው።

ግብር የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ከ2026 ጀምሮ በፌዴራል ግብር ላይ ከኪሳራችሁ ማስቀነስ የምትችሉት 90 በመቶውን ብቻ ነው፤ እሱም ወጪያችሁን ዘርዝራችሁ የምታስገቡ ከሆነ። በዓመቱ 10,000 አሸንፋችሁ 10,000 ብትበሉ፣ እጃችሁ ላይ ሳንቲም ሳይኖር በ1,000 ዶላር ገቢ ትታሰባላችሁ።

መተግበሪያዎቹ የቀንና የሳምንት የገንዘብ ገደብ ማስቀመጫ አላቸው፤ ከመጀመሪያው ገንዘብ በፊት ሙሉት። ለማቆም የወሰነ ሰው ደግሞ አንዱን መተግበሪያ ብቻ ዘግቶ እንዳይቀር፤ ሌሎቹ ክፍት ናቸው። በስቴቱ በኩል ራሱን በፈቃዱ የሚያሳግድበት ዝርዝር አለ፤ በሜሪላንድ በሎተሪና ጨዋታ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ፣ በቨርጂኒያ በሎተሪው በኩል ይመዘገባል። ዝርዝሩ ግን የስቴቱን ድንበር አይሻገርም። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ቨርጂኒያ አርሊንግተን የሚሠራ፣ ዲሲንም የሚያቋርጥ ሰው ሦስቱም ጋ መመዝገብ አለበት። ቁማር ላስቸገረው ሰው የእርዳታ ስልኩ 1-800-426-2537 ነው፤ ሌሊትም ይሠራል።