ቤት ድረስ መሄድ ወይስ ክሊኒክን ወደ ግቢ ማስገባት?

በአሜሪካ ከተሞች ቤተሰብንና ትምህርት ቤትን ለማቀራረብ ከተሞከሩት ውስጥ ሁለቱን ላነጻጽር።

የሳክራሜንቶው የቤት ለቤት ጉብኝት እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀመረ። መምህራን ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ ለሰዓታቸውም ይከፈላቸዋል። ወላጅ አይገደድም። የሚጎበኘውም ረባሽ የተባለ ተማሪ ብቻ አይደለም። ወሬው የሚጀምረው ከውጤት ሳይሆን ወላጅ ለልጁ ከሚመኘው ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው! ከትምህርት ቤት ሲደወልለት «ልጄ ምን አጠፋ?» ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ፣ እዚህ በገዛ ሳሎኑ ተናጋሪው እሱ ነው።

የሲንሲናቲ ከተማ ደግሞ አጋር ድርጅቶችን ወደ ትምህርት ቤት ግቢ አስገባች። ኦይለር በተባለው ትምህርት ቤት የጤና፣ የጥርስና የዓይን ክሊኒኮች ተከፍተዋል፤ የዓይኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሰሌዳው የሚደበዝዝበት ልጅ እዚያው ተመርምሮ መነጽር ያገኛል። ወላጅም ከሥራ አይቀርም። ይህ አሠራር ግን ብዙ ገንዘብና ቅንጅት ይጠይቃል።

መነጽር የሚያስፈልገው ልጅ በጉብኝት ብቻ አጥርቶ አያይም፣ እውነት ነው። ቢሆንም እኔ በጉብኝቱ እጀምራለሁ። ርካሽ ነው፤ የቱ አገልግሎት እንደሚያስፈልግም ወላጁ ራሱ ይናገራል። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው የእኛ ሰዎች ግን ቀጠሮው ሲያዝ አስተርጓሚም አብሮ ይጠየቅ፤ ልጁ አያስተርጉም።