ብስክሌት እስከ ቤት ደጃፍ፦ ተዳፋት ወይስ ሊፍት?

ፎቅ ላይ ለሚኖር ብስክሌተኛ ትልቁ ጣጣ ጎዳናው አይደለም፤ ደረጃው ነው። ይህን ጣጣ ሁለት የመኖሪያ ሕንጻዎች በየራሳቸው ዘዴ ፈትተውታል።

አንዱ በ2010 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የኮፐንሃገኑ «ኤይት ሃውስ» ነው። የነደፈው ቢግ የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ሲሆን 476 መኖሪያዎች አሉት። ከመሬት ተነስቶ እስከ 10ኛ ፎቅ የሚወጣ ተዳፋት መንገድ በሕንጻው ዙሪያ ይጠመዘዛል። ፔዳል እየመታችሁ ቤታችሁ በር ላይ ትደርሳላችሁ። በጣም ደስ ይላል! መንገዱ እንደ ሰፈር ጎዳና ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤት ይገናኝበታል። ግን ተዳፋት ብዙ ቦታ ይበላል። ከሥራ ደክሞት ለሚመለስ ሰውም ዳገት ዳገት ነው።

ሌላው ስዊድን ማልሞ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው «ኦህቦይ» ነው። 55 አፓርታማዎች አሉት፤ የመኪና ማቆሚያ ግን የለውም። ሊፍቱ፣ በሮቹና የየፎቁ መተላለፊያ በረንዳ ረጅሙን የጭነት ብስክሌት እንዲያስገቡ ተደርገው ሰፍተዋል። ነዋሪዎቹ በጋራ የሚጠቀሙባቸው ብስክሌቶችም አሉ። አስቤዛውን የጫነ ሰው ዕቃውን ሳያወርድ እስከ ቤቱ ይገባል።

እኔ የማልሞውን እመርጣለሁ። ሊፍት የተበላሸ ዕለት ተዳፋቱ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ሰፊ ሊፍትና ሰፊ በር ግን በጠባብ መሬት ላይ በሚሠራ ተራ ፎቅም ውስጥ ይቻላል። ቤት ልታዩ ስትሄዱ ሜትር ያዙ፤ የሊፍቱን ርዝመትና የበሩን ስፋት ለኩ።