«የጉልበት ምርመራ» ብለው ሲያግባቧችሁ ቆም በሉ

መኪናዬ ኤሌክትሪክ ናት። ከሰው እጅ ነው የገዛኋት። ጉልበቷ ቀንሶ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል አንድ ጋራዥ «ዳይኖ ላይ እናውጣትና ውጤቱን በወረቀት እንሰጥሃለን» አለኝ። ዳይኖ ማለት ጎማው ሮለር ላይ እየዞረ፣ መኪናዋ ግን ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ጉልበቷ የሚለካበት ማሽን ነው። ከፈልኩ። እናንተም እንዳትሸወዱ ነው ይህን የምጽፈው።

ሮለሩ ላይ የኋላ ጎማዎች በ120 ሲበሩ የፊቶቹ ቆመዋል። የመኪናዋ ኮምፒውተር ይህን ሲያይ ጎማ የተንሸራተተ መስሎት ጉልበት ይቆርጣል። ለዚህ ሲባል አንዳንድ መኪናዎች የሰርቪስ ሜኑ ውስጥ የተደበቀ የዳይኖ ሞድ አላቸው። ሞዱ ትራክሽን ኮንትሮሉንና ስታቢሊቲ ኮንትሮሉን፣ ማለትም ጎማ እንዳይንሸራተትና መኪናዋ መስመሯን እንዳትስት የሚጠብቁትን፣ ያጠፋል። ሮለር ላይ ደግ። መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ገና ፔዳሉን ስትነኩት ነው ጉልበቱን የሚለቀው።

እኔን ያስወጡኝ ሞዱን ሳይዘጉ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ሦስት ቢጫ መብራቶች በርተዋል። «ትንሽ ስትነዳት ይጠፋል» አሉኝ። አመንኳቸው፣ ሞኝ! ዝናብ ጥሎ ነበር። ኩርባው ላይ ትንሽ ነዳጅ ሰጠት ሳደርግ (ነዳጅ የላትም፣ አፌ ለምዶ ነው) ኋላዋ ሸርተት አለ። መሪውን ይዤ እንደምንም መለስኳት። ማንንም አልነካሁም፤ እጄ ግን ቤት እስክደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ ተመለስኩ። ስካነር ሰኩና «የኤቢኤስ ሞጁሉ ሞቷል፣ መቀየር አለበት» አሉኝ። ኤቢኤስ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነው። ትናንት ደህና ገብታ ዛሬ ሞጁሏ ሞተ? ስካነሩ ያነበባቸውን የብልሽት ኮዶች አትሙልኝ ስል ፊታቸው ተለወጠ። ዋናው ምክሬ እዚህ ላይ ነው። ዕቃ ቀይሩ ከተባላችሁ መጀመሪያ ኮዱን በወረቀት ተቀበሉ።

ያተሙልኝን የኮድ ወረቀት ሌላ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። አየት አደረገና ሳቀ። ኮዱ የሚለው የፊትና የኋላ ጎማ ፍጥነት አልተጣጣመም ነው። የተመዘገበውም መኪናዋ ሮለር ላይ በነበረችበት ሰዓት። ከሞዱ አስወጣት፣ ኮዶቹን አጠፋ፣ በሯን ቆልፎ ቁልፉን ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። እነዚህ መኪናዎች ስትወርዱ ወዲያው አይተኙም፤ ኮምፒውተራቸው ለደቂቃዎች ይሠራል። ስለዚህ አጥፍቶ ወዲያው ማስነሳት ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ሁለቱ መብራቶች ጠፍተዋል። ሦስተኛው ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዳኋት በኋላ ጠፋ። ሞጁሉ ያው የድሮው ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ መብራቱ ካልጠፋ ግን እውነተኛ ብልሽት ሊሆን ይችላልና አትናቁት።

የዳይኖው ውጤት ወረቀት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። «3,000 ኒውተን ሜትር» ይላል፤ ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል መለኪያ ነው። ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። ለካ ቁጥሩ ጎማው ላይ ያለው ነው። ሞተሩና ጎማው መሀል ያለው ማርሽ የማዞር ኃይሉን ዘጠኝ ጊዜ ያህል ያባዛዋል፤ ለዘጠኝ ሲካፈል ሞተሩ የሚሰጠው 333 ገደማ ነው። ኪሎዋትና የፈረስ ጉልበትም አይምታታባችሁ፤ 100 ኪሎዋት 136 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው።

በዚህ ላይ የለኩኝ ቻርጇ 30 በመቶ ላይ ሆና ነው። ቻርጅ ሲያንስ፣ ባትሪው ሲበርደው ወይም ሲግል ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበት ሊገድብ ይችላል። እነሱ ግን «ጉልበቷ ወርዷል፣ በሶፍትዌር እንክፈተው» ብለው ሌላ ሂሳብ ጠየቁኝ። ደግነቱ እሱን አልከፈልኩም።

እኔ ማወቅ የፈለግኩት ደግሞ የባትሪውን ነገር ነበር። ዳይኖ የሚለካው የጥቂት ሰከንድ ጉልበት ነው። አቅሙ የተመናመነ ባትሪም ለዚያች ቅጽበት ጥሩ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። የባትሪን ጤና የምታውቁት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚይዝ ሲለካ ነው። ደረሰኜ ላይ «ሙሉ ምርመራ» ተብሎ ተጽፏል። ስለ ባትሪው አንድ መስመር እንኳ የለበትም።