ብሩሽ የማይነካው እጥበት፦ አሲድና አልካላይን በከባድ መኪና ላይ ሲፈተኑ

የናፍጣ ጭስና የመንገድ አቧራ ሲቀበል የከረመ ተሳቢ በግፊት ውሃ ብቻ ሲታጠብ፣ እርጥብ እስካለ ድረስ የጸዳ ይመስላል። ደርቆ ጎኑ ላይ ጣት ሲጎተትበት ግን ነጭ መስመር ይወጣል፤ የጣቱም ጫፍ ግራጫ ሆኖ ይመለሳል። አጣቢውን ከባለመኪናው ጋር የምታጨቃጭቀው ይህች ስስ ሽፋን ናት። ጥላሸት፣ ቅባት፣ የጎማ ብናኝና ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ተደባልቀው ቀለሙ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከፊሉን ቅባቱ ይይዘዋል፣ ከፊሉን የኤሌክትሪክ ሙል ስበት። ፓምፑ በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ቢገፋም፣ ውሃው ቀለሙን በሚነካባት እጅግ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ከብናኙ በላይ ያልፋል እንጂ አይፍቀውም። ስለዚህ ወይ ብሩሽ ያስፈልጋል፣ ወይ ኬሚካል።

እዚህ የምንገመግመው የኬሚካሉን መንገድ ነው፦ መጀመሪያ አሲድ፣ እሱ ሳይታጠብ በላዩ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ቅባት ማስለቀቂያ)፣ ከዚያ በግፊት ውሃ ማለቅለቅ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ቀለም ለተቀባ የሳጥን ተሳቢና በየቀኑ ብዙ መኪና ለሚያጥብ ቡድን፣ ያለ ብሩሽ ይህን የመሰለ ውጤት የሚሰጥ ሌላ ዘዴ አላየንም። ለተወለወለ አልሙኒየም ቦቴ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ደግሞም ውጤቱ ሲበላሽ ሰው ሁሉ ኬሚካሉን ይወቅሳል እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መጠኑ ባለመለካቱ ወይም ኬሚካሉ መኪናው ላይ እንዲደርቅ በመተዉ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አሲዱ የማዕድን ወገን የሆነውን ቆሻሻ፣ ማለትም የኖራ ጨውን፣ የዝገት ቅሪትንና የደረቀ የውሃ ነጠብጣብን ያላላል፤ ብናኙን ከቀለሙ ጋር ያያዘውንም ሙል ያፈርሳል። ቀጥሎ የሚመጣው አልካላይን፣ ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከሲሊኬትና ከሳሙና አካላት ጋር፣ ቅባቱን በጥቃቅኑ በትኖ ውሃ ውስጥ ያንሳፍፈዋል። ሁለቱ መኪናው ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያከሽፋል። ይህ እንዲሆን የሁለተኛው ጉልበት ከመጀመሪያው ትንሽ መብለጥ አለበት። ማረጋገጫው ርካሽና ፈጣን ነው፦ አልካላይኑ ተረጭቶ ሳይለቀለቅ ከተሳቢው የታችኛው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ጠብታ በፒኤች ወረቀት መንካት፤ ወረቀቱ ከ7 በታች ለአሲድ፣ ከ7 በላይ ለአልካላይን ያሳያል። ከ7 በላይ ካሳየ ሚዛኑ ደህና ነው። ከ7 በታች ከሆነ አሲዱ አሸንፏል ማለት ነው፤ ስለዚህ አሲዱን ማቅጠን እንጂ ሁለቱንም ማወፈር አይደለም።

በገበያ ያሉት የመጀመሪያ እርከን ምርቶች በሁለት ይከፈላሉ፤ በዚህ ግምገማ ትልቁን ክብደት የምንሰጠውም ለዚህ ልዩነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ አለባቸው። ሁለተኛዎቹ በፎስፎሪክ፣ በሲትሪክ ወይም በመሰል አሲዶች የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ፈጣን ናቸው፤ የድንጋይ ዱቄትን የሚያሟሟው ፍሎራይድ ነውና። ግን ያው ጠባዩ መስታወትንም ይበላል፤ የፊት መስታወትና የጎን መስታወት ላይ ደጋግሞ ያረፈ እንደሆነ በምንም ውልወላ የማይለቅ ጭጋግ ያስቀራል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ሰው ላይ የሚያደርሰው ነው። የቀጠነ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል። በዚያ መሐል ፍሎራይዱ ወደ ውስጥ ሰርጎ ከሰውነት ካልሲየም ጋር ይጣመራል፤ መጠኑ ከበዛ የልብ ምትን እስከማዛባት ይደርሳል። አሞኒየም ባይፍሎራይድ ተብሎ የተጻፈውን ሰው እንደ ሌላ ነገር ያየዋል፤ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ግን እሱም ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያወጣል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት የምርቱን የደህንነት መረጃ ቅጽ መጠየቅ፣ ክፍል 3ን ገልጦ ይዘቱን ማየት፣ ክፍል 4ን ገልጦ የመጀመሪያ ርዳታውን ማንበብ ነው። ፍሎራይድ ያለበትን የሚጠቀም ቡድን 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ከማጠቢያው አጠገብ ከሌለው ክዳኑን እንኳ መክፈት የለበትም። ቆዳ ከተነካ ልብስና ጓንት ወልቆ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠባል፣ ጄሉ እየተደጋገመ ይታሻል፣ ሰውየው ሕመም ባይሰማውም ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል። እኛ ፍሎራይድ የሌለበትን እንመርጣለን። መኪናው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ቆይታ ይጠይቃል፤ ብዙ የከረመ ቆሻሻ ላይም ሁለተኛ ዙር ሊያስፈልገው ይችላል። ያ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ አጣቢ እጅ አይበልጥም።

አሁን ወደ ልኬቱ። ኬሚካሉ የሚጨመረው ከፓምፑ በኋላ በሚገጠም መሳቢያ፣ ማለትም ኬሚካሉን ከባልዲ ስቦ ወደ ውሃው በሚያስገባ ዕቃ ነው። ከፓምፑ በፊት የሚሳብ ከሆነ አሲዱ የፓምፑን ጎሚኒና ነሐስ ይበላዋል። መሳቢያው ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን የኬሚካልና የውሃ ንጽጽር አምኖ መሥራት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የቱቦው ርዝመት፣ የኖዝሉ (የመርጫው አፍ) ቀዳዳና የኬሚካሉ ውፍረት ይለውጡታል። ትክክለኛው መንገድ መለካት ነው። ምልክት ባለው ጆግ ውሃ ሞልቶ የመሳቢያውን መምጠጫ ቱቦ መክተት፣ የኬሚካል ኖዝሉን ገጥሞ ለአንድ ደቂቃ መርጨት፣ የጎደለውን ማንበብ። ፓምፑ በደቂቃ 15 ሊትር ቢሰጥና ከጆጉ 1 ሊትር ቢጎድል፣ ከኖዝሉ የሚወጣው 16 ሊትር ነው። በሥራ ጊዜ መምጠጫው የሚገባበት ባልዲ ውስጥ ያለው 1 እጅ ኬሚካል በ4 እጅ ውሃ የተበረዘ ከሆነ፣ በዚያ 1 ሊትር ውስጥ ያለው ንጹሕ ኬሚካል 0.2 ሊትር ነው፤ መኪናው ላይ የሚያርፈው እንግዲህ 1 ለ80 ገደማ ይሆናል። አንዱን እርከን ለመርጨት 3 ደቂቃ ከፈጀ 0.6 ሊትር ኬሚካል ወጣ ማለት ነው። ይህን ስሌት የሠራ ቡድን የአንድ መኪና ወጪውን ያውቃል፤ ያልሠራው በርሜሉ ሲያልቅ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሲረጭ ከታች ወደ ላይ ነው። ከላይ ከተጀመረ ኬሚካሉ በደረቀው ቆሻሻ ላይ እየተንዠቀዠቀ ይወርድና የወረደበት መስመር ከጎኑ ይልቅ ይጸዳል፤ ያ መስመር ከታጠበም በኋላ ይታያል። የመኪናው ገላ እጅ የማያስጠጋ ትኩስ ከሆነ መጀመሪያ በውሃ ማብረድ፣ ቢቻል ጥላ ሥር መሥራት። አሲዱ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል፤ በሙቅ ከተረጨ ትነቱ ወደ አጣቢው ሳንባ ይገባል። ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ይቆያል፣ ሳይለቀለቅ አልካላይኑ እንዲሁ ከታች ወደ ላይ ይከተለዋል። 13.6 ሜትር ተሳቢን አንድ ሰው ብቻውን ጫፍ ድረስ አሲድ ረጭቶ ሲመለስ መጀመሪያ የረጨው ጀምሮ ደርቆ ያገኘዋል። ሁለት ሰው ካለ አንዱ በአሲዱ ቀድሞ ሌላው በአልካላይኑ ይከተላል፤ ብቻውን የሆነ ሰው አንድ ጎን፣ ነፋስና ፀሐይ ሲበረታም የጎኑን ግማሽ ጨርሶ ነው ወደሚቀጥለው የሚሄደው። ሁለቱን በአንድ ቱቦ የሚረጭ ደግሞ በመካከል ቱቦውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ አለበት፤ አለዚያ ቱቦው ውስጥ ተገናኝተው መኪናው ላይ የሚደርሰው የከሸፈ ጨዋማ ውሃ ነው። ባልዲ ለባልዲም መቀላቀል የለባቸውም፤ በወፍራሙ ሲገናኙ በኃይል ይሞቃሉ፣ ይፈናጠራሉ። ክሎሪን ያለበት ማንጫ ደግሞ ከአሲዱ ጋር ከተነካካ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ እዚያ ግቢ ጭራሽ ባይኖር ይመረጣል።

ሲለቀለቅ የመጀመሪያው ዙር ከታች ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ነው። እዚህ ላይ ሥራውን የሚሠራው ከግፊቱ ይልቅ የውሃው ብዛት ነው፤ ከ100 እስከ 140 ባር ይበቃል፣ በደቂቃ 20 ሊትር የሚሰጥ ማሽን ግን 15 ከሚሰጠው በግልጽ ይበልጣል። የኖዝል ቀለም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ቀይ 0 ዲግሪ፣ ቢጫ 15፣ አረንጓዴ 25፣ ነጭ 40፣ ጥቁር ለሳሙና። ለገላው አረንጓዴ ወይም ነጭ ነው። ቀዩ ኖዝል ጎማ ላይ፣ ስቲከር ላይ፣ የራዲያተር ክንፎች ላይና የኤሌክትሪክ መገናኛ ላይ ቦታ የለውም። ጎማን በቅርብ መምታት ውጪ ሳይታይ ውስጡን ሊጎዳ ስለሚችል ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር መራቅ፤ ኩሽኔታ ያለበትን የቸርኬ መሐልም በቀጥታ አለመምታት። ማጠፊያ፣ የበር ጎሚኒ፣ ፓራፋንጎና የሻንሲ መገጣጠሚያ ውስጥ የቀረ ኬሚካል ቆይቶ ወጥቶ ነጭ እንባ ስለሚያፈስ፣ ገላው ከጸዳ በኋላም እነዚህ ቦታዎች ተጨማሪ ደቂቃ ይገባቸዋል።

በዚህ ዘዴ ላይ የሚሰማው ትልቁ ቅሬታ «ዛሬ አልሠራም» የሚለው ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሳቢያው ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኖዝል ሳይወልቅ ከቀረ መሳቢያው ጭራሽ አይስብም፤ የሚስበው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ኖዝል ተገጥሞ ግፊቱ ሲወርድ ብቻ ነው። ቱቦ በቱቦ ላይ ሲቀጠል የኋላ ግፊቱ ጨምሮ መሳቡን ያዳክመዋል። ከዚያ የመምጠጫው ማጣሪያ መደፈኑ፣ ፕላስቲክ ቱቦው ተሰንጥቆ አየር መሳቡ፣ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኳስ በደረቀ ኬሚካል መጣበቋ ይታያል። ሌላው የሚያስኮርፍ ነገር ደረቅ ውሃ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ሳሙናውን ስለሚበላ ያው መጠን ደካማ ይሆናል፣ ሲደርቅም ነጭ ነጥብ ያስቀራል። ይህ የውሃ ማለስለሻ እንጂ ተጨማሪ ኬሚካል አይፈታውም። ሲሊኬት ያለበት አልካላይን ከደረቀ ደግሞ የሚያስቀረው ጭጋግ በሚቀጥለውም እጥበት በቀላሉ አይለቅም።

ወደ አልሙኒየም ስንመጣ ይህ ዘዴ ደካማ ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነው። ሃይድሮክሳይዱ አልሙኒየሙን እየበላ ሃይድሮጅን ያስለቅቃል፣ ገጹንም ያጠቁራል፤ አሲዱ ደግሞ ውልወላውን ገፎ ያፈዘዋል። የተወለወለ ቦቴ፣ ቸርኬና የነዳጅ ታንክ ላይ በአንድ ዙር የጠፋውን ብርሃን ለመመለስ ማሽን ይዞ ሰዓታት መወልወል ነው። ቀለም የለሽና ያልተወለወለ አልሙኒየም ላይ ራሱ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ መሞከር። ነፍሳት፣ ሬንጅና ተሳቢው የሚያርፍበት ሳህን ላይ ያለው ወፍራም ግሪስ ላይም ከዚህ ዘዴ ብዙ መጠበቅ አያሻም፤ እነሱ የየራሳቸው ማስለቀቂያና የእጅ ሥራ ይፈልጋሉ። በየሳምንቱ ለሚታጠብ መኪና ሁልጊዜ ሁለቱን እርከን መጠቀምም ብክነት ነው፤ ቀለሙ ላይ ያለውን ሰም ይገፍፋል። ሽፋኑ አንዴ በሁለቱ ከተነሳ በኋላ ቀጣዮቹን እጥበቶች ለስላሳ አልካላይን ሳሙና ይበቃቸዋል፣ ጣቱ እንደገና ግራጫ ሆኖ ሲመለስ ወደ ሁለቱ መመለስ ነው።

ፍሳሹም የግምገማው አካል ነው። ከአንድ ማለቅለቅ ብቻ፣ በደቂቃ 15 ሊትር ለ10 ደቂቃ ቢሠራ፣ 150 ሊትር ቆሻሻ ውሃ ይወጣል፤ ውስጡ ዘይት፣ ከብረት ክፍሎች የመጣ ብረትና ምናልባትም ፍሎራይድ አለ። ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ መሄድ የለበትም። የዘይት መለያ ጉድጓድ አለን ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ ጉድጓዱ የሚሠራው ዘይቱ ሲንሳፈፍ ነው፣ ይህ ሳሙና ደግሞ ዘይቱን በትኖ እንዳይንሳፈፍ ነው የተሠራው። ውሃው ረግቶ በቂ ጊዜ የሚያገኝበት ማጠራቀሚያ ከመለያው በፊት መኖር አለበት።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ማስፈንጠሪያውን ለቅቆ ሞተሩን እየሠራ መተው ፓምፑ ውስጥ ያው ውሃ እየዞረ እንዲሞቅና ጎሚኒውን እንዲያቃጥል ያደርጋል፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ካልተረጨ ማጥፋት። ብዙ የኢንዱስትሪ ፓምፖች የመጀመሪያውን ዘይት በ50 ሰዓት፣ ቀጣዩን በየ500 ሰዓቱ ይፈልጋሉ። ቀኑ ሲያልቅ መምጠጫው ንጹሕ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ገብቶ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይረጫል፣ መሳቢያው ይፈታል፣ ኳሷና ስፕሪንጓ በጣት ተገፍተው በነጻነት መመለሳቸው ይታያል። የአሲዱና የአልካላይኑ መምጠጫዎች ጠዋት እንዳይቀያየሩ በተለያየ ቀለም ቴፕ ይጠቀለላሉ።