ፎርት ኔሰሲቲ ለመሄድ ላሰባችሁ

ትልቅ ግንብ የምትጠብቁ ከሆነ ቅር ይላችኋል። ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ፋርሚንግተን አጠገብ ያለው ፎርት ኔሰሲቲ ክብ የእንጨት አጥር ነው። ከዳር እስከ ዳር 16 ሜትር ብቻ። ልጄ ዞር ዞር ብሎ አየና «አባዬ፣ ሌላው የት አለ?» አለኝ። ሌላ የለም። ይሄም ራሱ እንደገና የተሠራ ነው፤ ዋናውን ፈረንሳዮቹ አቃጥለውታል።

እኔ ግን ወድጄዋለሁ። መሃሉ ላይ ስትቆሙ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ያኔ በእንግሊዝ ሥር የነበረችው የቨርጂንያ መኮንን፣ በ22 ዓመቱ ምን ጉድ ውስጥ እንደገባ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ሜዳው ረግረግ ነው፤ ጫካው ደግሞ ቅርብ። ጁላይ 3 ቀን 1754 ፈረንሳዮቹና አብረዋቸው የመጡት የአገሬው ተዋጊዎች ዛፍ ተከልለው ሲተኩሱ ዋሉ። ዝናቡም አላባራ አለ። ምሽጉ ውሃ ሞላ፣ ባሩዱ ራሰ። ከ400 ያህል የእንግሊዝ ወገን ሰዎች ወደ 100 የሚጠጉት ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ዋሽንግተን ማታውኑ እጁን ሰጠ። ከእንግሊዞቹ ጋር ያበረው ታናቻሪሰን የሚባለው የሴኔካ (የነባር ሕዝብ) መሪ ግን አጥሩን አይቶ ንቆት፣ ከውጊያው በፊት ሰዎቹን ይዞ ሄዷል። እኔም ብሆን አልቆይም!

የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጸብ የኦሃዮን ሸለቆ ማን ይያዘው ነው። መሬቱ ባለቤት ነበረው፤ የጠየቀው እንጂ የጠፋው። የጎብኚዎች ማዕከሉ የነባሮቹን ወገን ጭምር ማሳየቱ ደስ ብሎኛል።

ዋሽንግተን ከኛው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፣ የተነሳው በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። እዚህ ሜዳ የደረሰው በሜይ መጨረሻ። እኛ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ፈጀብን፣ ያውም ልጆቹ ሽንት ቤት እያሉ።

መግቢያው ነፃ ነው። ሜዳው ላይ ጥላ ስለሌለ ኮፍያ ያዙ። ምግብም ከቤት ይሻላል፤ እኛ ድፎ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ይዘን ነበር። ከዚያ በሩት 40 አውራ ጎዳና ትንሽ ወደ ምዕራብ ነድታችሁ የእንግሊዙን ጦር አዛዥ የጄኔራል ብራዶክን መቃብር እዩ። በ1755 ሲሞት ጠላት እንዳያገኘው መንገዱ መሃል ቀብረው ጦሩ በላዩ ላይ አለፈበት። የዚያ ጦርነት የመጀመሪያው ተኩስ የተሰማበት ጁሞንቪል ግሌን ደግሞ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ድንጋያማ ገደል ሥር ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ ለኔ ከአጥሩም ትበልጣለች። በብርድ ወራት ስለምትዘጋ ከኦክቶበር አታሳልፉ።